ሁለቱ እንጦጦዎች

(በተማሪዎች ማኅበር የንግግር ምሽት የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ማታ ስለ ጨዋታ ልናገር መነሣቴን የሰሙ አንዳንድ ጓደኞቼ «ምነው፣ ቁም ነገር ጠፋና ነውን?» ብለውኛል። እኔ ግን ጥቂት ትዕግሥት እለምናችኋለሁ። ጨዋታ የሕፃናት ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ የአዋቂ ሰው ብልሃት በገበጣና በገና ሜዳ ባልተፈተነ ነበር።

የምናገርለት ጨዋታ ማይክሮሶፍት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነሐሴ 12 ቀን 2012 ዓ.ም. ያወጣው የበረራ ጨዋታ ነው፤ ስሙ ፍላይት ሲሙሌተር ይባላል። የሠራው አሶቦ የተባለ የፈረንሳይ ድርጅት ነው። ከሌሎች የኮምፒዩተር ጨዋታዎች የሚለየው፣ ተጫዋቹ የሚበርበት አገር በልብ ወለድ የተፈጠረ ሳይሆን ይህችው የምንኖርባት ምድር በመሆንዋ ነው። የመሬቱ መልክ ከሰማይ ከተነሣ ፎቶግራፍ፣ የተራራው ቁመት ከከፍታ ልኬት ተወስዷል። ሕንጻዎቹንና ዛፎቹን ግን አብዛኛውን ያቆማቸው ሰው አይደለም፤ ኮምፒዩተር ፎቶግራፉን እያነበበ፣ «ይህ ጣሪያ ነው፤ ያ ደን ነው» እያለ በግምት አቆማቸው። ሠሪዎቹ እንደ ተናገሩት ሕንጻው 1.5 ቢሊዮን፣ ዛፉ 2 ትሪሊዮን ይደርሳል።

እኔም በጓደኛዬ ኮምፒዩተር በትንሽዋ ሴስና 172 አውሮፕላን ከቦሌ ተነሥቼ ወደ ሰሜን በረርሁ። የተወለድሁት ካዛንቺስ ስለሆነ፣ ልጅነቴን ሙሉ ከደጃችን ቆሜ በስተሰሜን ያየሁት ተራራ እንጦጦ ነው። ያው እንጦጦ በመስታወቱ ላይ በቦታው ተጋድሞ ባየሁት ጊዜ፣ የማውቀውን ሰው በባዕድ አገር ያገኘሁ ያህል ደነገጥሁ። «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» እንደሚባለው፣ ተራራችንን አተኩሬ የተመለከትሁት የሌላ አገር ሰዎች በሠሩት ጨዋታ ውስጥ ካየሁት በኋላ መሆኑን ሳልሸሽግ እናገራለሁ።

እንግዲህ እውነተኛውንና የጨዋታውን እንጦጦ እናስተያይ።

በመጀመሪያ ለጨዋታው የሚገባውን ምስጋና ልስጥ። በጣም ያስገረመኝ የሚታየው ነገር ሳይሆን የማይታየው ነው፤ ይኸውም አየሩ። በባሕር ዳርቻ እንደ ወፍ ብድግ የምትለው አውሮፕላን ከቦሌ ስትነሣ እንደ ተጫነች አህያ ትንፏቀቃለች። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,330 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስለሆነ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ነው። ሞተሩ የሚተነፍሰው አየር ያንሰዋል፤ ክንፉም የሚደገፍበት ይሳሳበታል። አብራሪው ነዳጁን በአየሩ መጠን ካልቀነሰ ሞተሩ ጉልበት ያጣል። ይህን ሕግ በፊዚክስ ክፍል ከጥቁር ሰሌዳ ገልብጬው ነበር፤ የገባኝ ግን ያን ዕለት ማታ ነው። ሯጮቻችን ማለዳ ወደ እንጦጦ የሚወጡትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ በሳሳ አየር የለመደ ሰውነት ቀይ የደም ሕዋሱን ያበዛልና።

ነገር ግን ጨዋታው ከፍታን የሚያውቀው በቁጥር ነው። ተጫዋቹ ጣቱን ሲያንቀሳቅስ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ጉልበቱ አይዝልም፣ ብርዱም አይቆነድደውም። የባሕር ዛፍ እንጨት በጀርባቸው ተሸክመው ያን ቁልቁለት ለብዙ ዘመን የወረዱት እናቶች ስለ እንጦጦ ቢጠየቁ፣ የሚመልሱት በሜትር አይደለም። ተራራው ለኮምፒዩተሩ ቅርጽ ነው፤ ለእነርሱ ግን ሸክም ነበር።

ከእንጦጦ ወርደን ወደ ቂርቆስ እንመለስ። ከካዛንቺስ ቁልቁል ወርደን አፍሪካ አዳራሽን ስናልፍ ፍል ውሃን እናገኛለን። ታሪክ እንደሚነግረን፣ የዐፄ ምኒልክ ከተማ በእንጦጦ ብርድና ነፋስ ላይ ሳለ፣ እቴጌ ጣይቱ በዚህ ሙቅ ምንጭ አጠገብ ቤት ማሠራት ወደዱ፤ በ1879 ዓ.ም.ም ቦታው አዲስ አበባ ተባለ። ስለዚህ ይህች ከተማ እዚህ የቆመችበት ምክንያት ከመሬት ጥልቅ በስንጥቅ እየወጣ የሚፈላው ውሃ ነው ማለት እንችላለን። ታዲያ ከሰማይ የተነሣ ፎቶግራፍ ሙቀትን ያሳያልን? ፍል ውሃ ለፎቶግራፍ አንሺው ከጣሪያዎች መካከል አንዱ ጣሪያ ነው። ኮምፒዩተሩ ከተማዋን በሙሉ አቁሞ፣ ከተማዋን የወለደውን ምንጭ ሳያውቀው ያልፋል። ይህ የኮምፒዩተሩ ጥፋት አይደለም፤ ያልነገሩትን ከየት ያመጣዋል?

ሦስተኛውን ነገር ስናገር ትንሽ ይከብደኛል። ካዛንቺስ የሚለው ስም የመጣው ከጣልያንኛ ነው። በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ የነበረው ድርጅት በምሕጻር ኢንቺስ ይባል ስለነበር፣ ቤቶቹ «ካዛ ኢንቺስ» ተባሉ፤ ሰፈሩም በቤቶቹ ስም ተጠራ። ጨዋታው በወጣበት በ2012 ዓ.ም. ቆመው ከነበሩት የካዛንቺስ ጣሪያዎች ብዙዎቹ ዛሬ የሉም፤ በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት የሰፈሩ ሰፊ ክፍል ፈርሷል። እኔ የተወለድሁበት ግቢም ከእነርሱ አንዱ ነው። ይህን የምለው ስለ ልማቱ ለመከራከር አይደለም፤ ያ ሌላ ምሽት ይጠይቃል። የምለው ይህን ነው፤ የድሮ የሳተላይት ፎቶግራፍ የእናቴን ጣሪያ ሊያስቀምጥልኝ ይችላል፤ ከጣሪያው ሥር ቡና የተጠጡትን ጎረቤቶች፣ ዕድርተኞቹንና የመንገዶቹን የጓዳ ስም ግን አያስቀምጥልኝም።

«ታዲያ ምን ይደረግ?» ትሉኝ ይሆናል። መልሱን ከሜልበርን ከተማ ላምጣ። ጨዋታው በወጣ ሰሞን፣ በአውስትራሊያ ሜልበርን ተራ ቤቶች መካከል 212 ፎቅ ያለው መርፌ የመሰለ ሕንጻ ቆሞ ተገኘ። ነገሩ ሲመረመር፣ ማንም ሰው ሊጽፍበት በሚችለው ኦፕን ስትሪት ማፕ በተባለው የሕዝብ ካርታ ላይ አንድ ሰው 2 ፎቅ ሊል 212 ብሎ ጽፎ ኖሯል። ሌላ ሰው ስሕተቱን አርሞት ነበር፤ ጨዋታው ግን ሳይታረም የተወሰደውን ይዞ ወጣ። ሰው ሁሉ በዚህ ሣቀ። እኔ ግን ሌላ ነገር አሰብሁ፤ አንድ ሰው በስሕተት የጻፈው አንድ ቁጥር ይህን ያህል ሕንጻ ካቆመ፣ ሺህ ተማሪ በጥንቃቄ የጻፈው እውነት ምን ያህል ያቆም ይሆን?

ስለዚህ ማኅበራችንን አንድ ነገር እለምናለሁ። ያው የሕዝብ ካርታ ለእኛም ክፍት ነው። በመጪው ክረምት የጂኦግራፊ ተማሪዎች ስፍራውን ይለኩ፤ የታሪክ ተማሪዎች ሽማግሌዎቹን ይጠይቁ፤ የአማርኛ ተማሪዎች የጅረቱን፣ የመንደሩንና የመንገዱን ስም ከነአመጣጡ ይመዝግቡ። በቂርቆስ እንጀምር፤ የሚፈርሰው ሳይፈርስ፣ የፈረሰውም ከሚያስታውሱት ጋር ሳይጠፋ። ለካርታው የሚሆነውን በካርታው፣ ለካርታው የማይሆነውን በመዝገብ እናስፍር።

ወዳጆቼ፤ አገራችንን ሌሎች ከሰማይ ሆነው መልኳን ያውቁላት ይሆናል። ስሟንና ሙቀቷን የሚያውቀው ግን በእግሩ የሄደባት ነው። እርሱ ካልተናገረ ኮምፒዩተሩ ይገምታል፤ ከእኛ በኋላ የሚመጡትም ግምቱን እንደ እውነት ይቀበሉታል።