ዝለት ስንፍና አይደለም

(በምሩቃን ማኅበራችን የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው «ስለ ሥራ ውጥረት ትንሽ በለን» ሲለኝ ቶሎ እሺ አላልኩም። ሐኪም ስለሆንኩ ጉዳዩን ጠንቅቄ የማውቀው መስሏቸው ነው የጋበዙኝ። እውነቱን ለመናገር ግን እኔ ይህን ነገር መጀመሪያ የተማርኩት ወድቄበት ነው። ስለዚህ ከራሴ ልጀምር።

ከተመረቅኩ በሰባተኛው ዓመት ነበር። ቀን በአንድ ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል እሠራለሁ፤ በሳምንት ሁለት ሌሊት ዲውቲ አለኝ፤ በቀሩት ቀናት ከ11 ሰዓት በኋላ በአንድ ክሊኒክ ፓርት ታይም እይዛለሁ። የቤት ኪራይ አለ፣ የታናናሾቼ የትምህርት ቤት ክፍያ አለ፤ መቼም ምክንያት አይጠፋም። አንድ ቀን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ለአንድ ሕፃን መድኃኒት አዘዝኩ። ሲስተሯ ቻርቱን ይዛ መጣችና «ዶክተር፣ ይሄ ቁጥር ልክ ነው?» አለችኝ። እኔም ቀና ብዬ ሳላይ «የተጻፈውን ስጪ፤ ሥራሽን ሥሪ!» ብዬ ጮህኩባት። አልሄደችም። ቻርቱን ዓይኔ ሥር አስጠግታ ዝም ብላ ቆመች። አንዲት ነጥብ ቦታዋን ስታ ኖሯል፤ መጠኑ አሥር እጥፍ ሆኗል።

ሕፃኑ ምንም አልሆነም፤ ምስጋናው የእሷ ነው። ኋላ ሳስበው ያስፈራኝ ግን ስህተቱ ብቻ አልነበረም። ቁጥሩን አስተካክዬ ቻርቱን ስመልስላት ምንም አልተሰማኝም። አልደነገጥኩም፣ አላፈርኩም፣ «ይቅርታ» እንኳ አላልኳትም። ተማሪ ሳለሁ የመጀመሪያው ሕመምተኛዬ የሞተ ዕለት ሌሊቱን ሙሉ ሳለቅስ ያደርኩ ሰው ነበርኩ። የዶርም ልጆች እዚህ አላችሁ፤ ታስታውሳላችሁ። ያ ልጅ በሰባት ዓመት ውስጥ የት ገባ?

ወገኖቼ፣ ለዚህ ነገር ስም ከወጣለት ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል። ሄርበርት ፍሮይደንበርገር የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1974 «በርንአውት» ብሎ ጻፈበት። እሱ ራሱ በኒው ዮርክ በአንድ ነጻ ክሊኒክ ያገለግል ነበር፤ በራሱም በባልደረቦቹም ላይ ነው ያየው። ልብ በሉ፤ መጀመሪያ የተገኘው በሰነፎች ላይ ሳይሆን ሥራቸውን አብዝተው በሚወዱ ሰዎች ላይ ነው። እኛ «የሥራ ዝለት» ልንለው እንችላለን። በኋላ ክርስቲና ማስላክ የተባለች ተመራማሪ ሦስት መልክ እንዳለው አሳየች። አንደኛው ጉልበት መሟጠጥ ነው። ሁለተኛው ልብ መሻከር፣ ማለትም የምናገለግለውን ሰው እንደ ሰው ሳይሆን እንደ ቁጥር ማየት። ሦስተኛው «የምሠራው ሁሉ ዋጋ የለውም» የሚል ስሜት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች ምደባ ላይ ዝለትን አስፍሮታል፤ ግን እንደ በሽታ ሳይሆን፣ በቅጡ ሳይያዝ ከቆየ የሥራ ውጥረት የሚመጣ ክስተት አድርጎ ነው።

ውጥረት ሁሉ ግን ክፉ አይደለም። የፈተና ሰሞን እናስታውስ። ልብ ይመታል፣ እንቅልፍ ይሸሻል፣ አእምሮ ይነቃል። አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉት ሆርሞኖች ሥራቸውን እየሠሩ ነው። ፈተናው ያልፋል፣ ሁለት ቀን እንተኛለን፣ ይበቃል። ችግሩ ፈተናው በማያልቅበት ኑሮ ላይ ነው። ድካም ሲተኙ ይለቃል፤ ዝለት ግን ተኝተው ሲነሱም እዚያው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። በሰውነትም ላይ ዋጋ ያስከፍላል። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ጋር ሲነጻጸር በስትሮክ የመያዝ አደጋው 35 በመቶ፣ በልብ የደም ሥር ሕመም የመሞት አደጋው ደግሞ 17 በመቶ ከፍ ይላል። እስቲ እያንዳንዳችን የራሳችንን ሰዓት እንደምር። መምህሩ የቀኑ ላይ የማታውን ኤክስቴንሽን ይደምር፤ ከአሜሪካ የመጣኸው ወንድሜ ሁለቱን ሥራህን ደምር።

አውቃለሁ፣ «ታዲያ ምን እንብላ?» ትሉኛላችሁ። ትክክል ናችሁ። ደርቦ መሥራትን ማንም ለደስታው ብሎ አልጀመረውም። ስለዚህ «ሥራ ቀንሱ» ብዬ ቀላል ምክር ሰጥቼ አልወርድም። እኔን የረዱኝን ጥቂት ነገሮች ብቻ ልናገር።

መጀመሪያ የረዳኝ ስሙን መጥራት ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ? ከዚያች ሌሊት ሦስት ሳምንት በኋላ ሲስተሯን ፈልጌ ይቅርታ ጠየቅኳት። «ዶክተር፣ እኔ እኮ ከቁጥሩ ይልቅ አንተ ነበርክ ያሳሰብከኝ» አለችኝ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ «ደክሞኛል» የሚል ቃል ከአፌ ወጣ። በእኛ አገር «እንዴት ነህ?» ሲባል «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ማለፍ ጥሩ ባህል ነው፤ ግን ቢያንስ አንድ እውነቱን የምንነግረው ሰው ያስፈልገናል።

ሁለተኛው እንቅልፍ ነው። ቡና የምንወድ ሕዝብ ነንና በቡና ልጀምር። ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ በብዙ ሰው ላይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ የጠጣነው፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና ውስጣችን አለ ማለት ነው። አቦሉን ጠዋት አድርጉት፤ የምሽቱን በረካ ለእንግዳ ተዉለት። ሌላም አለ፤ በጥናት ዘመን ብዙዎቻችን የለመድነው። ለመንቃት ጫት፣ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ። ይህ ጉልበት አይሰጥም፤ የነገን ጉልበት በአራጣ መበደር ነው።

ሦስተኛው በቀን ውስጥ የሚገቡ ትናንሽ ክፍተቶች ናቸው። አንዱን ሕመምተኛ ሸኝቼ ሌላውን ከመጥራቴ በፊት አየር ስቤ ሲወጣ ቀስ አድርጌ አስረዝመዋለሁ፤ አምስት ጊዜ። አንድ ደቂቃ አይሞላም፣ የልብ ምት ግን ይረጋጋል። ወደ ቤት ስሄድ ሁለት ፌርማታ ቀድሜ ወርጄ በእግሬ እሄዳለሁ። የሥራውን የቴሌግራም ግሩፕ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ድምፁን አጠፋለሁ፤ ዲውቲ ካልሆንኩ በቀር ጠዋት የማይደርስ ነገር እስካሁን አልገጠመኝም።

አራተኛው እረፍትን እንደ መብት መያዝ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይወስናል። በሳምንት ያልተቆራረጠ 24 ሰዓት እረፍት፣ በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመትም ቢያንስ 16 የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጣል። እኛ ግን ፈቃዳችንን እያጠራቀምን «ዘንድሮ አልወጣሁም» ብለን እንደ ሜዳሊያ እናወራዋለን። እኔ ፓርት ታይሙን ሙሉ በሙሉ አልተውኩም፣ አልቻልኩምም። ሁለት ምሽት ብቻ ቀነስኩ። ከቤተሰቤ ጋር ቁጭ ብዬ የሚጎድለውን ገንዘብ ቆጠርን። ከባድ ወር ነበር፤ ግን ከዚያ በፊት ልጄ በነቃችበት ሰዓት ቤት የተገኘሁበትን ቀን ማስታወስ አልችልም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ። ተስፋ መቁረጡ ከሥራም አልፎ ሁሉንም ነገር ከሸፈነ፣ ምግብና እንቅልፍ ከከለከለ፣ ወይም «ባልኖር ይሻላል» የሚል ሐሳብ ከመጣ፣ ያ ዝለት ብቻ ላይሆን ይችላል። ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ጸሎቱም ጠበሉም ዱዓውም ከሕክምና ጋር አይጣላም። እኔ ራሴ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ሄጃለሁ፤ ሰው እንዳያየኝ ብዬ በኋላ በር የገባሁት ግን እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

አሁን ደግሞ ለመምህሮቻችንና ኃላፊነት ላይ ላላችሁ ጓደኞቼ። ማስላክና ባልደረባዋ ማይክል ሊተር ዝለት የሚፈላባቸውን ስድስት ነገሮች ይዘረዝራሉ፤ የሥራ ብዛት፣ በሥራ ላይ ሥልጣን ማጣት፣ ምስጋናና ዋጋ ማጣት፣ የባልደረቦች መራራቅ፣ አድልዎ፣ ከኅሊና ጋር የሚጋጭ ሥራ። ስድስቱንም ብትመለከቷቸው ሠራተኛው ብቻውን የሚፈታቸው አይደሉም። ለዛለ መምህር የአተነፋፈስ ልምምድ አስተምሮ በማግስቱ ሦስተኛ ኮርስ መጫን ቀልድ ነው። በጀት የማይጠይቅ ነገር ግን አለ። ፕሮግራም ሲወጣ ማማከር፣ ሸክሙን በእኩል ማከፋፈል፣ «በርታ» ከማለት በፊት «ምን ላግዝህ?» ማለት። እዚህ ግቢ የመጀመሪያ ፈተናዬን በወደቅሁ ጊዜ አንድ መምህሬ ቢሮ ጠርተው ወንበር ስበው ያሉኝ እሱን ነበር፤ ዛሬ ከፊት ረድፍ ተቀምጠዋል። ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ለለቅሶ ዕድር አለን፣ ለገንዘብ ዕቁብ አለን፤ ሰው ሳይሞት በፊት የሚጠያየቅ ዕድር ግን የለንም። ዛሬ ከዚህ አዳራሽ ከመውጣታችን በፊት እያንዳንዳችን ከባቻችን የሁለት ሰው ስልክ እንያዝ። በወር አንድ ጊዜ እንደውል፤ «እንዴት ነህ?» ብለን እንጠይቅ። «እግዚአብሔር ይመስገን» ሲል ስልኩን ቶሎ አንዝጋ። ትንሽ እንቆይ። ያቺ ሲስተር ቻርቷን ይዛ እንደቆመችው እንቁም።