ፋሳይል ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል የተነገረ ንግግር



በእንግሊዝኛ ቋንቋ ያለ ድካም የሚሆነውን ነገር የሚያመለክቱ ቃላት ብዙዎች ናቸው። ኢዚ የሚባለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዛሬ የምነግራችሁ ግን ፋሳይል ስለሚባለው ነው። ትርጕሙን ከመዝገበ ቃላት ነጥቆ ለሚሮጥ ተማሪ ወጥመድ ነውና ልብ ብላችሁ ስሙኝ።

ምንጩ ላቲን ነው፤ ፋኬሬ ማድረግ፥ ፋኪሊስም ለማድረግ የማያስቸግር ማለት ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ በፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝኛ ገባ። ፈረንሳዮች ፋሲል ይሉታል፤ ከጐንደሩ ንጉሥ ስም ጋራ ግን ዝምድና የለውም። በነርሱ ዘንድ ብዙውን ጊዜ ነቀፋ የለበትም።

በእንግሊዝኛ ግን ክብሩ ዝቅ አለ። ስለ ሐሳብ ወይም ስለ መልስ ሲነገር፥ ሳይደክሙበት የተገኘ፥ ጥልቀት የሌለው ማለት ሆነ። እንግዲህ ተማሪ አስተማሪውን ሊያመሰግን ሽቶ «ማብራሪያዎ ፋሳይል ነው» ቢል ሳያውቀው ሰደበው። ምስጋና የሚሻ ሰው ኤፈርትለስ ይበል። ኤፈርት ጥረት ነው፤ ለስ የሚለው መድረሻም «የሌለው» ማለት ነው። ይህም የሚነገረው ባለሙያው ሲሠራ ድካሙ ለተመልካች የማይታይ ሲሆን ነው።

ነገሩ ለኛ እንግዳ አይደለም። ቀላል ሸክም፥ ቀላል ሒሳብ ብንል ማንም አይቀየምም፤ ቀላል ሰው ብንል ግን ጠብ ይነሣል።

የፋሳይል ዘመድ የሆነው ፋሲሊቲ ከዚህ ነቀፋ አምልጧል። አንድ ሰው በቋንቋ ፋሲሊቲ አለው ቢባል ተመሰገነ፤ በብዙ ቁጥር ሲነገር ደግሞ ለሥራ የሚያገለግል ቤትና መሣሪያ ማለት ነው።