ከበሩ አጠገብ ያለችው አልጋ
(በትምህርት ቤታችን የልደት በዓል ላይ አንድ የቀድሞ ተማሪ ያደረገው ንግግር)



ስለ ዩኒቨርሲቲ ኑሮ ጥቂት ቃል እንድናገር በተጠየቅሁ ጊዜ፣ ስለ ትምህርቱ ከእኔ የተሻለ የሚናገር ስለማይታጣ፣ እኔ ስለ አልጋ ልናገር አሰብሁ። አትሣቁ፤ ዩኒቨርሲቲ በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉን ጥዬ ወደ ቤቴ ልመለስ የቃጣሁት በፈተና ወድቄ ሳይሆን በአልጋ ምክንያት ነው።

በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ሲጀምር፣ ተማሪዎች በዚያው እያደሩ መፈተናቸውን ታስታውሳላችሁ። ይሁን እንጂ ለፈተና ጥቂት ሌሊት ማደርና ዓመት ሙሉ መኖር አንድ አይደሉም። ለፈተና የመጣ ሰው አጠገቡ የተኛውን ልጅ ስም እንኳ ሳያጠና ይለያል።

እኔ በልቤ የሣልሁት ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎን ነበር፤ ይኸውም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1954 ዓ.ም. ሲመሠረት ንጉሠ ነገሥቱ የሰጡት የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። ምደባዬ ግን ወደ ሌላ ከተማ ሆነ። ይህንንስ ተቀበልሁት። የተሳፈርሁበት አውቶቡስ መንገድ ላይ ስለ ተበላሸ አንድ ቀን ዘግይቼ ደረስሁ፤ የመኝታ ክፍል ዝርዝሩም በስም ፊደል ተራ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አገኘሁት። ከዚህ አብረውኝ የሄዱት ሁለት ጓደኞቼ በሦስተኛው ፎቅ በአንድ ክፍል ሲመደቡ፣ እኔ በሌላ ሕንፃ፣ በምድር ቤቱ፣ ከመጸዳጃው አጠገብ ባለው በመጨረሻው ክፍል ተመደብሁ።

በክፍሉ ውስጥ ሦስት ተደራራቢ አልጋዎች ነበሩ። አምስቱ ቦታ ተይዞ የቀረችው ከበሩ አጠገብ ያለችው የላይኛዋ ነበረች። በሩ በተከፈተ ቁጥር የመተላለፊያው መብራት ዓይኔ ላይ፣ የመጸዳጃው ሽታ አፍንጫዬ ላይ ያርፋል። የልብስ ሣጥኔ መዝጊያው ተገንጥሏል። ውኃ የሚመጣው በሌሊት ነበርና ቀድሞ የነቃ ጄሪካኑን ሞልቶ ይተኛል። በዚህ ላይ ከስድስታችን ሦስታችን በአንድ ስም የምንጠራ ሆነን ተገኘን፤ የፊደል ተራ የሚሠራው ሥራ እንዲህ ነው። ስለዚህ አንደኛው «የዲላው» ሁለተኛው «የነቀምቱ» ተባሉ። እኔ ግን ቅጽል እስኪወጣልኝ እንኳ አልቆየሁም።

ፍራሼን ጠቅልዬ ጓደኞቼ ክፍል ወለል ላይ አደር ጀመር፤ ወደ ክፍሌ የምሄደው ልብስ ለመቀየር ብቻ ነበር። ይህ ጥፋት መሆኑን ያን ጊዜ አላወቅሁም። ልጆቹ ስገባ በየቋንቋቸው የሚያወሩት ስለ እኔ ይመስለኝ ነበር፤ እነርሱም የናቅኋቸው መስሏቸው ነበር። እናቴ በስልክ «ከእነማን ጋር ነው የምታድረው?» እያለች ትጨነቃለች። ወላጆች ሆይ፣ በ2012 ዓ.ም. በልዩ ልዩ ዩኒቨርሲቲዎች በተነሣው ሁከት ብዙ ተማሪዎች ግቢያቸውን ጥለው መውጣታቸውን የሰማች እናት እንዲህ ብትጠይቅ አይፈረድባትም። እኔ ግን «ከሀገሬ ልጆች ጋር ነኝ» እያልሁ እዋሻት ነበር።

ፕሮክተር ወደሚባለው የመኝታ ቤት ኀላፊ ዘንድ ሄጄ ልቀየር ብዬ ለመንሁ። የሚለዋወጥህ ሰው ፈልግ አለኝ። ፈልጌ አገኘሁ፤ የሀገሩ ልጅ በእኛ ሕንፃ የሚኖር አንድ ተማሪ ሊቀይረኝ ፈቀደ። ዓርብ ዕለት ሁለታችንም ፈረምን፤ ሰኞ ልንዛወር ተቀጣጠርን።

ቅዳሜ አባቴ ሳይታሰብ መጣ። የእህል መኪና አግኝቶ፣ በሶና ድርቆሽ ተሸክሞ፣ ከግቢው በር ደረሰ። ስልኬ ባትሪው አልቆ ስለ ነበር አላገኘኝም። ዘበኛው ስሜን ጠርቶ ወደ ክፍሌ ሰው ሲልክ የተገኘው የዲላው ነበር። ከቤቱ ሰው የመጣለት መስሎት እየሮጠ ወጣ፤ ያገኘው ግን የእኔን አባት ነው።

እኔ ከአንድ ሰዓት በኋላ ወሬውን ሰምቼ ስደርስ፣ አባቴ ከዛፉ ሥር ተቀምጦ ሻይ በዳቦ ይበላል። የዲላው የእጅ ውኃ አስታጥቦት፣ ከቤቱ ከተላከለት ቡና በላስቲክ ቋጥሮ «ለእማማ ይውሰዱላት» ብሎ ሰጥቶታል።

አባቴ «የት ነበርህ?» አለኝ።

መልስ ሳጣ የዲላው ቀደመኝና «አባባ፣ ነገርሁዎት እኮ፤ ላይብረሪ ነበር። እርሱ ማጥናት ይወዳል» አለ።

ስምንት ቀን ሙሉ በክፍሌ አለማደሬን ከእርሱ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። አባቴ ስልቻውን በሁለታችን መካከል አኑሮ «ተካፈሉት» አለና በመጣበት መኪና ተመለሰ። የዲላውም ስልቻውን አንሥቶ ወደ ክፍሉ ሄደ፤ አንድ ቃል አልተናገረኝም። እኔም ፍራሼን ላመጣ ሄድሁ።

ሰኞ ፊርማዬን ሰረዝሁ። ሊለዋወጠኝ የነበረው ልጅ ዕቃውን አሥሮ ይጠብቀኝ ነበር፤ ቃሌን ስላጠፍሁበት እስከ ዓመቱ መጨረሻ ሰላምታ ነሣኝ። እውነት አለው፤ ዛሬም ባገኘው አፍራለሁ።

ክፍሉ ከዚያ በኋላ ያማረ እንዳይመስላችሁ፤ ሽታው አልጠፋም። ለበሩ ሥር ጨርቅ ሰፋን። ከበሩ አጠገብ ያለችውን አልጋ በየመንፈቁ ልንቀያየርባት ተስማማን፤ ውኃ መቅዳቱንም ተራ አወጣንለት። የመጸዳጃውን ቧንቧ ነገር እኔ ብቻዬን በቃል ስናገር የሰማኝ አልነበረም። ጎረቤቶቻችንን ጨምረን፣ የአራት ክፍል ተማሪዎች በአንድ ወረቀት ፈርመን ባመለከትን ጊዜ ግን፣ ሁለት ወር ቢፈጅም ተጠገነ። ለእናቴም እውነቱን ነገርኋት። የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ቡናውን የላከው እርሱ ነው?» የሚል ነበር። ቡናውን ለማርያም ማኅበሯ አፍልታው ኖሯል።

በሁለተኛው ዓመት የትምህርት ክፍላችን ስለ ተለያየ ከዲላው ጋር ተለያየን፤ እኔም አራተኛ ፎቅ ደረሰኝ፤ አልጋዬም በመስኮት በኩል ነበረች። አራተኛ ፎቅ ውኃ እንደማይወጣ የነገረኝ ግን አልነበረም።

የዘንድሮ ተፈታኞች ሆይ፣ ስትሄዱ ለሣጥናችሁ ጠንካራ ቁልፍ፣ ለሌሊት የእጅ ባትሪ፣ ለውኃ ባለ ክዳን ጄሪካን ያዙ። ድርቆሽ የሚልኩላችሁ ወላጆችም ለስድስት ሰው የሚበቃ ይላኩ።