የሕዝብ አስተዳደር ትምህርትና «አስተዳደር» የሚለው ቃል
(ለማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



የሕዝብ አስተዳደር ለመማር የተመዘገበ ወጣት፥ ዘመዶቹ «ተምረህ ምን ልትሆን ነው?» ብለው ሲጠይቁት መልሱ ይቸግረዋል። ሐኪም ያክማል፥ መሐንዲስ ድልድይ ይሠራል፤ አስተዳዳሪ ምን እንደሚሠራ ግን በአንድ ቃል ለማስረዳት አይመችም። ችግሩም የወጣቱ ብቻ አይደለም፤ ሕግ አውጪውም ተቸግሮበታል።

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ፥ ወንበሩ እንጂ ለወንበሩ የሚያዘጋጅ ትምህርት ገና አልተዘረጋም ነበር። የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ መጽሐፍ ደራሲው ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ሲታተም «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ተባለ፤ አብዛኛው ይዘቱ ግን ስለ ሀብት አመጣጥ ነው። ቃሉ ያን ጊዜም ሰፊ ነበር ማለት ነው። በ1954 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኞችን ጉዳይ የሚመራ ማእከላዊ መሥሪያ ቤት ቆመ፤ በ1987 ዓ.ም. ደግሞ የሲቪል ሰርቪስ ኮሌጅ ተከፈተ። ከእነዚህና ከሌሎች ተቋማት የሚወጡ ምሩቃን ከመንግሥት ቢሮ ወደ በጎ አድራጎት ድርጅት፥ ከዚያም ወደ ቢሮ ሲመላለሱ ይታያሉ።

እንግዲህ አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት በቆላ ወረዳ የውኃ ጉድጓድ ያስቆፍራል እንበል። ፓምፑን የሚጠግነው ሠራተኛ በሞተር ብስክሌት ይዞራል፤ የውሎ አበል ይከፈለዋል። ይህ ወጪ ሥራው ራሱ ነው ወይስ አስተዳደር? አዋጅ ቁጥር 621/2001 ድርጅቶች ከወጪያቸው ከ30 በመቶ የበለጠውን ለአስተዳደር እንዳያውሉ ደነገገ፤ ዝርዝሩን ያወጣው መመሪያም ወሰኑን አስፍቶ ስላሰመረ፥ የጉዞ፥ የሥልጠናና የክትትል ወጪ ብዙው በአስተዳደር ስም ተመዘገበ። ጉድጓድ ያስቆፈረ ድርጅት ጠጋኝ ለመላክ የሚፈራበት ጊዜ ነበር።

አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ጣሪያውን ወደ 20 በመቶ አወረደው። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው «ባሰበት» ይላል። የትርጓሜውን አንቀጽ ያነበበ ግን ሌላ ያገኛል፤ ይኸውም ስሌቱ ከጠቅላላ ገቢው ሆኖ፥ የአስተዳደር ወጪ የሚባለው ከፕሮጀክቱ ተግባር ጋር ያልተያያዘውና ለድርጅቱ ሕልውና የሚያስፈልገው ብቻ ሆነ። ስለዚህ ቁጥሩ ቢያንስም ሥራው ሰፋ። ይህን ልዩነት ከአዋጁ ላይ ለይቶ ማውጣት ነው የሕዝብ አስተዳደር ተማሪ ሙያ። የአመራርን ተግባራት በተራ ቁጥር ዘርዝር የሚለው የፈተና ጥያቄ ይህን አያስተምርም፤ አንድ የእውነት የሂሳብ መዝገብ ለተማሪው ቢሰጠው ይሻል ነበር።

በመንግሥት በኩልም ነገሩ ያው ነው። ጉድጓዱ በካፒታል በጀት ይቆፈራል፤ የጠጋኙ ደመወዝና ነዳጅ የሚወጣው ከመደበኛው ነው። ለምረቃው ቀን እንግዳ ይጠራል፥ ሪባን ይቆረጣል፤ ለመደበኛው በጀት የሚቆረጥ ሪባን የለም። በጀት ሲጠብ አስቀድሞ የሚቀነሰውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ፓምፑ በግንቦት ሲቆም፥ እናቶች ጀሪካን አዝለው ወደ ወንዝ ይመለሳሉ።

በወረዳ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት የተቀመጠው ምሩቅ ፊት የሚቀርበው አንድ የነዳጅ ደረሰኝ ነው። በየትኛው የሂሳብ መደብ እንደሚጽፈው የሚወስነው እሱ ነው፤ ወረዳው ውስጥ ከእሱ በቀር ይህን የሚጠይቅ ሰው አይገኝ ይሆናል።