ጠራዡ ፋራዳይ

ማይክል ፋራዳይ የእንግሊዛዊ አንጥረኛ ልጅ ነበር፤ በትምህርት ብዙም አልገፋም። ለንደን ውስጥ ከመጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ሙያ ሲማር የሚጠርዘውን ያነብ ነበር። የኬሚስቱን የሃምፍሪ ዴቪን ትምህርት አዳምጦ የያዘውን ማስታወሻ በገዛ እጁ ጠርዞ ላከለት፤ እ.ኤ.አ. በ1813 ረዳቱ ሆነ።

በ1831 በብረት ቀለበት ላይ ሁለት ሽቦ ጠምጥሞ አንዱን ከባትሪ አገናኘ። ከሌላው ሽቦ ጋር የተያያዘችው የመለኪያ መርፌ ላፍታ ተወዛውዛ ቆመች፤ ባትሪው ሲነቀል ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ። ሌላ ሰው ቢሆን ከቁብ ባልቆጠራት! እሱ ግን ተከታተላት። ማግኔት በሽቦ ጥቅል ውስጥ ሲገባና ሲወጣ ኤሌክትሪክ እንደሚፈጠር በዚያው ዓመት አሳየ። የግድቦቻችን ጄኔሬተሮች ዛሬም የሚሠሩት በዚሁ ሕግ ነው።