ማሽኑ ሕያው፣ ገጹ ጽልመት

አንደኛ አቅራቢ፦ የላፕቶፑ ማራገቢያ እየተሰማና የቁልፎቹ መብራት እየበራ፣ ስክሪኑን ግን ጽልመት የሸፈነበት ሰው፣ ወደ ጥገና ቤት ከመሮጡ አስቀድሞ ምን ሊመረምር ይገባዋል፣ እኅቴ?

ሁለተኛ አቅራቢ፦ የስልኩን መብራት ወደ ስክሪኑ አስጠግቶ በጎን ያብራ፤ በዚያ ብርሃን ሥዕሉ ደብዝዞ ከታየ፣ የጠፋው ምስሉ ሳይሆን ከኋላው ሆኖ የሚያበራለት መብራት ነውና። ምንም ካልታየው በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቴሌቪዥን ጋር ያገናኘው፤ እዚያ ጥርት ያለ ምስል ከወጣ፣ ግራፊክስ ካርዱ ከነቀፋ ነጻ ሆኖ፣ ጥርጣሬው በስክሪኑና ምስሉን ወደ እርሱ በሚያደርሰው የውስጥ ገመድ ላይ ያርፋል።

አንደኛ አቅራቢ፦ ክዳኑ ከፍ ዝቅ ሲል ብቻ ብልጭ ድርግም የሚለውስ?

ሁለተኛ አቅራቢ፦ የእርሱማ ምስጢር ግልጥ ነው፤ ከዋናው ቦርድ ተነሥቶ በማጠፊያው በኩል የሚያልፈው ስስ ገመድ፣ ክዳኑ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር እየታሸ ይላላል፣ ወይም ይቆረጣል። እኔን የሚያሳዝነኝ፣ በዚህች ገመድ ሰበብ ሙሉ ስክሪን የሚያስለውጠው ሰው ነው።

አንደኛ አቅራቢ፦ መስመር የተጋደመበትስ፣ እኅቴ?

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ዊንዶውስ ገና ሳይነሣ፣ በአምራቹ ዓርማ ላይ ሳይቀር ከታየ፣ ደዌው የአካል ነው፤ ከተነሣ በኋላ ብቻ ከሆነ ግን፣ ካቻቢቴ ከማንሣት በፊት የግራፊክሱን ድራይቨር ማደስ ይቀድማል።