የመጨረሻዋ መቶ ድርሃም

(አል ናህያን ባደረግነው ስብሰባ ላይ የተናገርኩት)

ስለ ደመወዛችን ትንሽ ላውራችሁ።

የኔ ደመወዝ 1,200 ድርሃም ነው። ድሮ 1,100 ለቤት እልክና 100 ለራሴ አስቀር ነበር። ባለፈው ዓመት ጥርሴን ታመምኩ። ኢንሹራንሱ ጥርስ አይሸፍንም ተባልኩ፤ 100ዋ በካርድና በሳሙና አልቃለች። ሦስት ሳምንት ሌሊቱን ቁጭ ብዬ አነጋሁ። በዚያ ወር ከላክሁት ውስጥ አብዛኛው ለኪራይና ለጤፍ ሆነ፤ የመጨረሻዋ መቶ ግን መጋረጃ ተገዛባት። እናቴ አላጠፋችም። መቼ ነገርኳት?

ጎሰን የሚባል ጀርመናዊ ይሄን ነገር በ1854 እ.ኤ.አ. ጽፎታል፤ አንድ ነገር ሲደጋገም እርካታው እየቀነሰ ይሄዳል። ቡናችንን እዩት፦ አቦሉ ያነቃል፣ ቶናው ደህና ነው፣ በረካውን ለጨዋታው ነው የምንጠጣው።

ስለዚህ «ቤተሰብ ይበልጣል ወይስ እኔ?» አትበሉ። የመጨረሻዋ መቶ የት ብትውል የበለጠ ትጠቅማለች በሉ። እዚያ መጋረጃ፣ እዚህ ጥርስ ከሆነ እዚህ ትቅር። እዚህ ሽቶ፣ እዚያ የእህት ደብተር ከሆነ ትሂድ። ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ያኔ ማዘዋወሩን ተዉት።

አሁን 900 እልካለሁ፣ 150 እቁብ እጥላለሁ፣ 150 ለራሴና ለክፉ ቀን ይቀራል። በወር ሁለቴ መላኩንም ትቼ አንዴ አደረግሁት፤ የአንዱ መላኪያ ክፍያ ተረፈኝ።

ለእናቴም እውነቱን ነገርኳት። «ምነው ልጄ፣ መጋረጃውን በሸጥኩት ነበር» አለችኝ። እናንተም ንገሯቸው።